እህትህ ያላስጾመችው ማሽን

ደሴ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። እኔ ግን ከተለየኸኝ ጀምሮ ይሄው ስምንት ወር በንዴት ስነድ ከረምኩ። መቃብርህ ላይ ቁጭ ብዬ እንዳልነግርህ የቢቸና ሰው ጆሮው ረጅም ነው፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። እህትህ ብርቱካን የሠራችኝን፣ እኔም የሠራኋትን ከኔው አፍ ስማ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፣ ታላቅህ ናት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አላከብራትም፣ አትፍረድብኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች የመፍቻ ሳጥንህን አምጥተውልኝ አልጋው ሥር አስገብቼዋለሁ። ባንተ ቦታ የቀጠሩት ሰው ሞተሩን ማስነሣት እንጂ ድምፁን ማዳመጥ አያውቅም፤ ከመንገድ ላይ ሆኜ ስሰማው እንኳ ይገባኛል። ሮቶው አንድ ጊዜ አፍስሶ ነበር፣ አስጠገንኩት። ማድ ቤት ውስጥ ግን የሳህን ማጠቢያው ማሽን ቦታ ባዶ ሆኖ ቱቦው ብቻ ከግድግዳው ወጥቶ ከረመ። ባየሁት ቁጥር እሳት እሆን ነበር።

ሳሙና ሲነካው እጄ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ጓንቱን ሞከርን፣ ቅባቱን ሞከርን፣ ጸበልም ሄድን። መጨረሻ ላይ አንተው እጅጌህን ሰብስበህ ሳህን ማጠብ ጀመርክ። ጎረቤት በአጥር አሾልቆ አይቶህ ወሬው በቅዳሜ ገበያ ተናኘ። አንተ ምን ገዶህ! እያፏጨህ ታጥብ ነበር። ቆይቶ ደጀን የመንገድ ሥራ ካምፕ ፈርሶ ዕቃ ይሸጣል ሲሉህ ሄድክና ያን የሳህን ማጠቢያ ማሽን በአይሱዙ ጭነህ ከተፍ አልክ። ሰፈሩ ፍሪጅ መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ ብሎን ነበር።

እንዳላበላሸው ስትፈራ እንዴት እንዳስተማርከኝ ትዝ ይለኛል። ትራፊውን ጠርገሽ ድፊ አልከኝ። ውኃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ስለሚያበጅ ውኃውን የሚያለዝበው የጨው ቦታ ባዶ እንዳይሆን፣ ውኃ የሚረጨውን ክንፍ ጥቁር አዝሙድ ሲደፍነው በመርፌ እንድከፍተው፣ መብራት ሲዋልል ቶሎ እንድነቅለው፣ የቆሻሻ መውጫው ቱቦ እንዳይታጠፍ አስጠነቀቅከኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንፊቱን! ከሥር ያለችውን ወንፊት ወደ ግራ አዙረህ ታወጣትና እንደ ሕፃን ታጥባት ነበር። የጾም ዋዜማ ሲሆን በፈላ ውኃና በሎሚ ትፈትጋታለህ፣ የበሩን ጎማ ትወለውላለህ፣ ከዚያ ማሽኑን ባዶውን ታስኬደዋለህ። እኛ ጾመን እሱ ቅቤ ሲልስ ሊከርም ነው እንዴ እያልክ ታስቀኝ ነበር። ማሽኑን ማስጾም ነበር የምትለው።

መስከረም ላይ ልብህ ድንገት ቀጥ አለና ጥለኸኝ ሄድክ። ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሴቶች ሁሉ ተቀምጠው ሳለ እህትህ ከሞጣ መጥታ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች። ሳህን አሳጥባ ገደለችብኝ፣ ወንድሜን ገረድ አድርጋ ቀበረችው ብላ አስለቀሰችበት። ሙሾ ላይ ደግሞ መልስ አይሰጥም፤ ይህን ስለምታውቅ ነው በሙሾ ያደረገችው። አንገቴን ደፍቼ ዋጥኩት። ተዝካርህ በወጣ ማግስት ደግሞ የወንድሜ ማስታወሻ ነው ብላ ማሽኑን በሰው አሸክማ ወሰደችው። ሳህን ማጠብ የገደለህ ከሆነ ማጠቢያውን ምን ትሠራበታለች?  ሐዘን ላይ ያለ ሰው በዕቃ ሲጣላ አያምርም ብዬ ተውኩት። እጄ ግን እንደገና መሰንጠቅ ጀመረ፣ ያኔ እንደማልተዋት በሆዴ ማልኩ።

ቅበላ ላይ ደወለች። ውኃው አልወርድ ብሎ ከሥር ተኝቷል፣ ማሽኑም ይጮኻል፣ ደሳለኝ ምን ያደርገው ነበር አለችኝ። እኔ እንጃ እትዬ፣ የሚያውቀው እሱ ነበር አልኳት። አየህ፣ ወንፊቱ እንደተደፈነ ገና በስልክ ገብቶኛል። ከወሰደችው ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዳላወጣችው አውቄያለሁ። የገና ዶሮ፣ የጥምቀት ክትፎ፣ የቅበላው ጮማ ሁሉ እዚያች ወንፊት ላይ ተጋግሯል። አንዲት ቃል ብነግራት ያልቅ ነበር። አልነገርኳትም። እሷም ውኃውን በጣሳ እየቀዳች ደፍታ እንደገና አስነሣችው።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘንድሮ ጾም ውስጥ ዋለች፣ ማኅበሩም የእህትህ ተራ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ የንስሐ አባቷም ማኅበርተኛውም ተሰበሰቡ። የአክስቴ ልጅ ሞጣ ስላለች እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ የነገረችኝ እሷ ናት። እህትህ ወንድሜ የተወልኝ ነው እያለች ማሽኑን ለእንግዳው ሁሉ ከፍታ አሳየች፣ ከውስጡም ብርጭቆውን እያወጣች ጠላ ቀዳች። አባ ጸሎት አድርሰው ብርጭቆውን ሲያነሡ ጠላው ላይ የቅቤ ዐይን ተንሳፈፈ። በሁዳዴ! አሽትተው መልሰው አስቀመጡት፣ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ማኅበርተኛውም ሳይቀምስ ተከትሏቸው ወጣ። የተሠራው ሽሮ እንዳለ ቀረ።

ደሴ፣ ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ያውም በጾም! ካንተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን እልል አልኩ። ኃጢአት ነው ካልክ ይሁን።

ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ላከችብኝ። ማሽኑ ገፊ ነው፣ ሰው ፊት አዋረደኝ፣ ትውሰደውና እንታረቅ ብላለች አሉኝ። እሺ አልኳቸው፣ ግን ራሷ ታምጣው። ድንኳን ውስጥ ሙሾዋን የሰሙት ሴቶች ፊት ወንፊቱን አውጥታ በእጇ ትጠበው።  አንዱ ሽማግሌማ ይህ እርቅ ነው ቅጣት ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ነው አልኳቸው።

መጣች። ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ሴቶች በርጩማ ይዘው ክብ ሠሩ። እህትህ ተንበርክካ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ወንፊቱን ወደ ቀኝ ታገለችው፣ አልወጣ አላት። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ቆሜ አየኋት። ሲበቃኝ ወደ ግራ ነው እትዬ አልኳት። ሲወጣ ሽታው ሴቶቹን አፍንጫቸውን አስያዛቸው። በበረኪና ስትፈትገው ስትፈትገው እጇ ቀላ፣ ጣቶቿ መሐል ተላጠ። ያኔ ቀና ብላ እጄን አየችው፣ የራሷን አየችው፣ ከዚያ ሁሉም እየሰማ ወንድሜ ይህን የገዛው ለእጅሽ ብሎ ነው፣ ዋሽቻለሁ አለች። ጉልበቴን ልትስም ስትል ሽማግሌዎቹ ያዟት። ይቅር ብያለሁ አልኩ፣ ጉንጯንም ሳምኳት።

ማሽኑን ቦታው መልሼዋለሁ። ትናንት ሳስነሣው ውኃው ሳይቆራረጥ ጥርግ ብሎ ወረደ፣ ሳህኑም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጎኑ ተቀምጬ እስኪጨርስ አለቀስኩ። የፈለግኩትን ሁሉ አግኝቻለሁ፤ ስሜ ተመለሰ፣ ዕቃዬ ተመለሰ፣ እሷም ተዋረደች። ታዲያ ለምን አልበረደልኝም? አንተ ብትኖር ኖሮ በቃሽ የትሜ ትለኝ ነበር፣ እኔም ይበቃኝ ነበር። በቃሽ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው ያልበቃኝ።

ይቅር ያልኩት ለሽማግሌ ነው። ላንተ አልዋሽም፤ አንተን እስክሞት አልረሳህም፣ እሷንም አልረሳትም።

ያንተው የትምወርቅ