ሹፌር አማች

መስከረም 12
የጠዋት ፈረቃ። ዝናብ፣ መጨናነቅ፣ መታጠፊያው ላይ የማያልቅ ሰልፍ። የተለመደ ቀን።
ከሰዓት የስምሪት ኃላፊው ሰበሰበን። ያለ ሹፌር የሚሄድ አውቶቡስ በኛ መስመር ሊሞከር ነው። ክላክስ ማስጮህ ስለሚወድ ጡሩምባው የምንለው ጓደኛዬ፣ "ታዲያ ተሳፋሪ ሲናደድ ማንን ሊሰድብ ነው?" ብሎ አሳቀን።
እሁድ የኔዋ ፋርማሲስት ቤት ልሄድ ነው። ከአባቷ ጋር ልተዋወቅ። አዲስ ጫማ መግዛት ይኖርብኝ ይሆን?

መስከረም 16
ገዛሁ። ጠበበኝ።
አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሻዩን ሳንጨርስ ጋዜጣ አወጡ። የዚያው አውቶቡስ ፎቶ ወጥቶበታል።
"ልጄ፣ ይኼ ሥራህ እስከ መቼ ነው?"
"አላውቅም ጋሼ።"
"አምስት ዓመት ይቆያል?"
"ሊቆይ ይችላል። ላይቆይም ይችላል።"
"ከዚያስ?"
ከዚያስ... ሻዬን ጠጣሁ።
እሷ በር ድረስ ሸኘችኝ። "ትንሽ ብታጋንን ምን ነበረበት?" አለች። "አባትሽን ልዋሻቸው?" ስላት ሳቀች። ከልቧ አልነበረም። አባቷ "እናስብበት" ብለዋታል። እናስብበት ማለት... አይሆንም ማለት ነው?

ጥቅምት 2
አውቶቡሱ መጣ። አብሬው እንድሄድ የተመደብኩት እኔ። ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ነገር ከተበላሸ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ መጫን። በቃ። ቀኝ እግሬ ግን አልገባውም፤ ፍሬን የሌለውን ወለል ሲረግጥ ዋለ። ባቴን እያመመኝ ነው።
አንድ ሰውዬ፣ "ሹፌሩ የታለ?" አሉኝ።
"እኔ ነኝ።"
"ታዲያ ለምን አትነዳም?"
"ተከልክዬ ነው።"
ወርደው የሚቀጥለውን ጠበቁ።
እውነቱን ለመናገር... ደህና አድርጎ ነው የሚነዳው። አይደክመው፣ አይናደድ። ኩርባውንም ከኔ በተሻለ ይዞረዋል። ለጡሩምባው አልነገርኩትም።

ጥቅምት 9
የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው?
አባቷ ሳይናገሩ መጥተው ተሳፈሩ። ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ ተቀምጠው ጋዜጣቸውን ዘረጉ።
ገበያው አጠገብ አውቶቡሱ ቆመ። አንዲት ድመት መሐል መንገድ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። እሷም አልተነሳች፣ አውቶቡሱም አልሄደ። ከኋላ ክላክስ ቀለጠ። ልነሳ ስል አባቷ ቀደሙኝ። በሩን አስከፍተው ወረዱና በጋዜጣቸው አባረሯት። ድመቷ እየተንቀራፈፈች ሄደች። አውቶቡሱም በሩን ዘግቶ ሄደ።
እሳቸውን ጥሎ።
በመስታወት አየኋቸው። ጋዜጣቸውን እያውለበለቡ እየሮጡ... ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ሲገቡ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ወደ መስኮት ዞረ። እኔማ ቀና ብዬ ማየትም አቃተኝ።
ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።
"ማነው ያቆመው?"
"እኔ ነኝ ጋሼ።"
"ለድመት ቆሞ እኔን ጥሎኝ ይሄዳል?"
"የወረደን ሰው መጠበቅ አላወቀበትም። ዛሬውኑ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ያስተካክሉታል።"
"ካስተካከሉት አንተ ለምን ታስፈልጋቸዋለህ?"
"ታዲያ ሰው መንገድ ላይ ይቅር?"
ጋዜጣቸውን አጣጠፉ። ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ "እሁድ ና። ያንን ጫማ ግን ተወው፣ ሲያሰቃይህ አይቻለሁ" አሉ።

ጥቅምት 10
ሪፖርቱን አስገባሁ። ጡሩምባው፣ "ጉድጓድህን በገዛ እጅህ ቆፈርክ" አለኝ። ይሆናል...

ኅዳር 1
ኃላፊው ጠራኝ። አዲሶቹ አውቶቡሶች ሰው ከመጫናቸው በፊት እየሄዱባቸው ጉድለታቸውን የሚለቅሙ ሰዎች ይፈለጋሉ። "ሪፖርትህን አይተውታል" አለኝ። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት። መስመራችን ለአዲሶቹ ሊሰጥ ስለሆነ ጡሩምባው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሥራ አግኝቷል። የቀሩትስ? አንዳንዶቹ ገና ሥራ እየፈለጉ ነው። ደስታዬ ሙሉ አልሆነም።
ከሥራ ወጥቼ እነሷ ቤት ሄድኩ። አባቷ ስለ ኮንትራቱ ሰምተው፣ "ከዚያስ?" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ቀደመቻቸው።
"አባባ፣ እኔ የማገባው እሱን ነው፤ መሪውን አይደለም።"
እሳቸውም ሳቁ። ሠርጉ ሚያዝያ ላይ ነው። ሚያዝያ...

ታኅሣሥ 6
አባቷ ለካ ዕድሜ ልካቸውን መንዳት ሲያምራቸው ኖረዋል። "ነገሩ ሳይጠፋ አስተምረኝ" አሉኝ።
የጡሩምባውን አሮጌ መኪና ተውሼ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ ይዣቸው ሄድኩ። አስነሱት፤ ጠፋ። ደግመው አስነሱት፤ ጠፋ።
"እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ።"
"ቀስ ነው እኮ ያደረግሁት።"
ጠፋ። የኔዋ ከኋላ ወንበር ላይ በሳቅ ፈርሳለች። ከዚያ መኪናው ነጠር አለና መሄድ ጀመረ። በእግሩ የሚሄድ አንድ ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪና ተሸክሞ፣ ቀደመን። እሳቸው ግን ምን ገዷቸው... አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም።
"ማነው የሚነዳው?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ሳይነቅሉ።
"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"