የዘጠኝ መቶ ልጅ ሾርባ

ውድ እትዬ ማልሱን፣

ትምህርት ቢሮው ሰኞ ዕለት አዲስ የደመወዝ ሐሳብ አቅርቧል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በጥር ወር የምሳ አብሳዮች የደመወዛቸውን ግማሽ ያገኛሉ። ክፍያው የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ እንደ አንቺ ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡትን አይመለከትም። የማኅበሩ አባላት ዓርብ ድምፅ ይሰጡበታል።

ይህን በጋዜጣችን ሁለተኛ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። የቀረው ለአንቺ ብቻ ነው። ሳንባሽን ለማሳረፍ ጃንግህንግ ገጠር ከገባሽ ወዲህ ስልክ ማውራት እንደሚያስልሽ ሰምተናል። አጭር መልእክት ልላክላት ብል ደግሞ ኦክቡን ተቆጣችኝ፤ “እንዲህ ያለ ነገር በስልክ መልእክት አይጠየቅም! ቁጭ ብለሽ ጻፊላት” አለች።

የጥር ደመወዝ ይከፈለን ብላችሁ አድማ የመታችሁበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። በቢሮው ደጃፍ በብርድ ለቆማችሁት ስልሳ ሴቶች ትኩስ ነገር ላብስል ብላ የተነሣችው ኦክቡን ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ በቆልት በጆንያ፣ ጨው በጭልፋ ስትለካ የኖረች እጅ ለስልሳ ሰው ማብሰል ከየት ትወቅ? አንቺ ከሰልፉ ተመልሰሽ በርሜል የሚያህለውን ድስት ከፈት ስታደርጊ አጠገብሽ ነበርኩ።

“ኦክቡን፣ ይኼ ለማን ነው?”

“ለእኛ ነዋ፣ እትዬ።”

“እኛ ስልሳ ነን። ይኼ ዘጠኝ መቶ ልጅ ያጠግባል! አድማ ነው የጠራሽው ሰርግ?”

“ምን ላድርግ፣ እጄ አድማ መምታታችንን አልሰማም!”

ሳቁ ገና ሳይበርድ አንዲት እናት መንገዱን ተሻግራ መጣች። “ልጄ ዛሬ ደረቅ ዳቦ በልቶ ይዋል? አታፍሩም?” እያለች ትጮሃለች። አንቺ ሾርባ ቀድተሽ በሁለት እጅሽ ሰጠሻት። “መጀመሪያ ይሙቁ፣ ከዚያ ይሰድቡናል” አልሻት። ጠጥታ ስትጨርስ ስድቡን ረስታ ስለ ጥር ወር ትጠይቅሽ ጀመር።

ከእሷ በኋላ በር የሚጠብቁት ፖሊሶች መጡ። ቀትር ላይ ደግሞ የቢሮው ሠራተኞች ወረዱ፤ የእነሱም አብሳዮች አድማ ላይ ናቸውና ምሳ ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። በመጨረሻ የቢሮው ወጣት ተደራዳሪ ባንግ ጎድጓዳ ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። “ያልተሠራበት ወር አይከፈልም” እያለ በጋውን ሙሉ ያደረቃችሁ እሱ ነበር። የመጀመሪያውን ጨርሶ ተመለሰ።

“እማማ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ?”

ጭልፋሽ አየር ላይ ቆመ። “አንተ ልጅ፣ ጥር ላይ እኛ ምን እንደምንበላ ጠይቀህ ታውቃለህ?”

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ሳህኑን እንደዘረጋ ፎቶ አንሺያችን አነሣው። አንቺ ግን እስከ አፉ ሞላሽለትና “ብላ። ሾርባ ከልክለን አናውቅም። ጥያቄዬ ግን መልስ ይፈልጋል” አልሽው።

ማታውኑ ዝግጅት ክፍላችን ድረስ መጥተሽ ፎቶውን እንዳናወጣው ለመንሽኝ።

“እትዬ፣ ይህ ፎቶ እኮ ከአሥር ሰልፍ ይበልጣል” አልኩሽ።

“አውቃለሁ። ግን ከእጃችን በልቷል። ደግሞ ነገ ከእኛ ጋር የሚቀመጠው እሱ ነው። ካዋረድነው ምን ብሎ እሺ ይለናል?”

ዋና አዘጋጃችንን አሳመንሽው፤ በፎቶው ፋንታ የሾርባውን ወረፋ ከሩቅ አወጣን። በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ የማኅበር መሪ አይቻለሁ። ያሸነፈበትን ፎቶ ከጋዜጣ ያስቀረ ሌላ ሰው አላየሁም።

ሰኞ ዕለት ሐሳቡን ያነበበው ባንግ ነው። ከማንበቡ በፊት “የእማማ ማልሱንን ጥያቄ አልረሳሁም። መልሱ ግን ግማሽ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ አልፈቀዱልኝም” አለ።

ከዚያ ጭቅጭቁ ተነሣ። ኦክቡን ወንበር ላይ ወጥታ “ጥርን ያመጣችልን እሷ ናት! እሷን ጥሎ የሚመጣ ጥር በአፍንጫዬ ይውጣ! እንደገና አድማ!” ስትል ግማሹ አጨበጨበ። በቅርቡ ባሏን የቀበረችው ሚሪም ተነሥታ “እኔም እትዬን እወዳለሁ። ግን በየዓመቱ ጥር ሲመጣ የማበላቸው አጥቼ ልጆቼን እናቴ ዘንድ የምልክ እኔ ነኝ” አለች። ያጨበጨበላት የለም፤ የተቃወማትም የለም።

በመጨረሻ አንቺን ለመጠየቅ ተስማሙ። “የእኔን ተዉት፣ ተቀበሉ” ለማለት እንደምትቸኩዪ ሁላችንም እናውቃለን። ኦክቡን ግን ይህን ጻፊልኝ ብላለች፦ “እትዬ፣ ለሌላው ማካፈል ለምዶብሻል። ዛሬ አንድ ጊዜ የራስሽን ሳህን ተመልክተሽ መልሺልን። አድማ ካልሽ እንወጣለን፤ ሚሪምም ትወጣለች።”

ሚሪምን ጠየቅኋት። እውነት ነው፣ ትወጣለች።

እኔ ምክር የለኝም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ የምትዪውን ቃል በቃል አደርሳለሁ። መናገር ከከበደሽ በስልክሽ አንዲት ቃል ጻፊ፤ ትበቃናለች። ድምፁ የሚቆጠረው ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው።

አክባሪሽ፣
ዩ ሄራን