የጓሮዬ እንሰትና የልጄ ተማሪዎች

ሰኞ፣ ወልቂጤ

ብዕሩን የያዘው ጌታነህ ነው፣ የልጄ የወርቅነሽ ባል። ጎጃሜ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሚሠራ እጁ ፈጣን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ከአፌ የወጣውን ሳትቀንስ፣ ሳታሳምር ጻፍ ብዬዋለሁ። አሁን ሳቀ። ሳቁንም ጻፍ።

የሚጻፈው ለሐኪሙ ነው። የጉልበቴን ነገር በየቀኑ አስጽፌ እንዳመጣለት አዞኛል። እንግዲህ ጉልበት፦ ቀኙ አብጧል፣ ግራው ደህና ነው። ልጄ ቤት የተቀመጥኩትም በዚሁ በጉልበቴ ጦስ ነው እንጂ ከተማ ናፍቆኝ አይደለም።

ዛሬ ግን ከጉልበት የከፋ ነገር መጣ። ወንድ ልጄ ምትኩ ከጉንችሬ ደወለ። ከጓሮው እንሰት አንዳንዱ የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተሰብሯል። ሲቆርጠው ወፍራም ፈሳሽ አወጣ። አጠውልግ ነው። የእንሰት አገር ሰው የዚህን በሽታ ስም ሲሰማ ቆሞ አይሰማም፤ እኔም ተቀመጥኩ። ያ ጓሮ የቤታችን ቆጮ ነው። ሟች ባለቤቴ በጣቷ እያሳየች፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያለች ያስተከለችኝ ነው።

ደግነቱ መላ አለው። ምትኩ ቪዲዮ ልኳል፣ ጌታነህ አሳየኝ። መጀመሪያ የታመመ እንሰት ያሳያል። ከዚያ አንድ እጅ ከጠርሙስ መድኃኒት ሥሩ ላይ ያፈስሳል። ከዚያ እንሰቱ ድኖ፣ ቅጠሉ ተንዠርግጎ ይታያል። የሰውየው ፊት አይታይም፣ ግን የሚናገረው በቤታችን ቋንቋ ነው። ያውም የእነሞር ሰው አነጋገር፣ አማላሉ ሁሉ የእኛው። ሳትነቅሉ ይድናል አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይዋሽም። ምትኩን መድኃኒቱን ፈልግና ጓሮውን በሙሉ አጠጣ አልኩት።

ወርቅነሽ ይህን ሰምታ ፊቷን አጠቆረች። እሷ ኮሌጅ ታስተምራለች። የምታስተምረው ኢንተርኔት ላይ መፈለግና የተገኘውን መመርመር ነው አሉኝ። ስልክ መነካካት ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል እንዴ? ጻፍ ጌታነህ። ሚስትህ ብትሆንም ጻፍ።

ማክሰኞ

ጉልበት፦ እንደ ትናንቱ።

ከልጄ ጋር ተጨቃጨቅን። እንዲህ ነበር፦

"አባዬ፣ ሰውየው ማነው?"

"የእኛ ሰው ነው።"

"ስሙስ?"

"ስም ምን ያደርጋል? አነጋገሩን አልሰማሽም?"

"አነጋገሩ እንሰት ያድናል?"

በአባቷ ላይ እንዲህ ትናገራለች። እኔም እናትሽ ብትኖር ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፣ እናቷ ብትኖር ከሷ ጋር ነበር የምታብረው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለመነችኝ። ነገሩን ለተማሪዎቼ ስጠኝ አለች። እስከ ዓርብ ይመርምሩት፣ መድኃኒቱ እውነት ከሆነ እኔ ራሴ ጉንችሬ ሄጄ አጠጣለሁ አለች። የአገር ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ቀጠሮ ሲጠይቅ መንፈግ አልለመደብኝም። ለምትኩም መድኃኒቱን ብታገኝም እስከ ዓርብ ጠርሙሱን እንዳትከፍት አልኩት። እሺ አለ፣ ድምፁ ግን እሺ አላለም። በየቀኑ አንድ ቅጠል ይወድቃል ይላል።

ረቡዕ

ጉልበት፦ የኮሌጁ ደረጃ ገደለኝ። ሐኪሙ ይህን ይወቅ።

ወርቅነሽ የምታስተምርበት ክፍል ኮምፒውተር ብቻ ነው። ልጆቹ ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ ወንበር አመጡ። አንዱ ጸጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመ፣ ናትናኤል የሚባል የወልቂጤ ልጅ፣ "ፋዘር፣ ይመችዎት" አለኝ። ፋዘር ማለት አባት ነው አሉኝ። አባት ማለት ምን አጥቶ ነው? አንዲት ፈቲያ የምትባል የመስቃን ገበሬ ልጅ ደግሞ፣ ሂጃቧን አስተካክላ፣ "አሰላሙ አለይኩም አባባ" አለችኝ። እሷ ስርዓት ታውቃለች።

ናትናኤል ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገና ጨረሰ። "ፋዘር፣ ያድናል። ብዙ ቦታ ተጽፏል።" እኔም ለወርቅነሽ አየሽ አልኳት። እሷ አልደነገጠችም።

"ብዙ ሰው ነው የጻፈው፣ ወይስ አንድ ሰው የጻፈው ብዙ ቦታ ተለጥፎ ነው?" አለችው።

ልጁ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ገቡበት። እያንዳንዱ አንድ አንድ ጽሑፍ ተካፍሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ቃሉ አንድ ነው። አንዱ የሳተውን ሌላውም እዚያው ቦታ ስቷል። ማንም "እኔ ጓሮ ላይ አፍስሼ አየሁ" አላለም። ሁሉም "ይባላል" ነው፣ "አሉ" ነው።

ያኔ ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞረችና ለልጆቹ እንዲህ አለች። "ልጅ ሆኜ አባቴ ዛፍ ሥር ነገር ሲያይ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ምስክር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? አምስት ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ ቢመጣ፣ እንደ አንድ ምስክር ነው የሚቆጥራቸው። እኔ የማስተምራችሁ ይኸው ነው። መጽሐፉን በኋላ ነው ያገኘሁት።"

ልጆቹ ሁሉ አዩኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እኔ ያችን ልጅ ዛፍ ሥር ዳንቴል ትሠራለች ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ ትሰማ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ስመረምር የኖርኩ ሰው ደግሞ፣ በቤቴ ቋንቋ ስለተናገረኝ ብቻ ፊት የሌለው ሰው ሳልጠይቅ አሳለፍኩ። ይህን ለልጆቹ አልነገርኩም። ለጌታነህ ግን ነገርኩት፣ ቀስ ብሎ ጻፈው።

ከዚያ መብራት ሄደ፣ ኔትወርኩም አብሮት ሄደ። ለነገ ተቀጠረ።

ሐሙስ

ጉልበት፦ ረስቼዋለሁ፣ ስለዚህ ደህና ነው።

ዛሬ ያየሁትን ሸንጎ ላይ አላየሁም። ናትናኤል ትናንት ስላፈረ መሰለኝ፣ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ጠበቀን። ከቪዲዮው ፎቶውን ቀንጭቦ ያወጣና ኮምፒውተሩን "ይህን ከዚህ በፊት የት አይተኸዋል?" ብሎ ይጠይቀዋል። ኮምፒውተሩም ያመጣል! የታመመው እንሰት ፎቶ ለገበሬ ማስተማሪያ ከተዘጋጀ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። የዳነ የተባለው ደግሞ አንድ መንገደኛ ከሌላ አገር ጓሮ ያነሣው ነው፤ ቪዲዮው ሳይሠራ ከብዙ ጊዜ በፊት የተለጠፈ። ስለዚህ ሳይታመም ድኗል።

ከዚያ ፈቲያ እጇን አወጣች። ሁለቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ ትልቅ አድርገው እንዲያሳዩ ጠየቀች። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የታመመው አገዳው ቀይ ነው። የዳነው አረንጓዴ ነው። መድኃኒቱ ዘሩንም ይቀይራል?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጎኔን እስኪያመኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንሰት ስተክል የኖርኩ ሰው ሳላየው እሷ አየችው። ስልኩ ትንሽ ነው፣ ዓይኔም አርጅቷል፣ ግን እውነቱን ልናገር፦ ጆሮዬ ስለረካ ዓይኔ አልፈለገም።

"የማን ልጅ ነሽ?" አልኳት። የአባቷን ስም ነገረችኝ። አባትሽን አመስግኚልኝ አልኳት።

ታዲያ ውሸቱን ማፍረስ ብቻ መች ይበቃል? ምትኩ ምን ያድርግ? ይህንንም ፈልገው አገኙ። በሽታውን ያጠኑ ሰዎች የጻፉትን አወጡ፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው አዩ። ፈቲያ ግን በወረቀት አልረካችም። እጁ ጭቃ የነካ ሰው ይናገር ብላ ለቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ደወለች፣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችልን። የወረቀቱና የሰውየው ቃል ገጠመ። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ጉድጓድ መቅበር ነው። ቢላውን ሁሉ እሳት ላይ ማጋል ነው። በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚወስደው ቢላው ነው። ከዚያ ጓሮ ችግኝ ለሰው አለመስጠት፣ ከብት አለማስገባት።

መንቀል። ቀላል ቃል ነው። ባለቤቴ በጣቷ ያሳየችኝን ነው ንቀል የሚሉኝ። እራት አልበላሁም። ወርቅነሽ አጠገቤ ተቀምጣ አመሸች።

ዓርብ

ጉልበት፦ አትጠይቁኝ።

ለምትኩ ደወልኩ።

"አባ፣ ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው፣ ላፍስሰው?"

"አስቀምጠው። አካፋ አዘጋጅ። ነገ እመጣለሁ።"

"ማነው እንዲህ ያለው?"

ይህን ሲጠይቅ ደስ አለኝ። ያዩት ሰዎች ናቸው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጉንችሬ

ከወርቅነሽና ከጌታነህ ጋር በሚኒባስ መጣን። ጉልበቴ መንገድ ላይ ጮኸ።

ምትኩ ቆፈረ፣ ጌታነህም ቆፈረ። ጎጃሜው እንሰት ሲነቅል ጤፍ የሚያርም ይመስላል፣ ጻፈው። የታመሙትን ከነሥራቸው አውጥተን ቀበርን። የመጨረሻው ባለቤቴ ከደጁ ጥግ ያስተከለችኝ ነበር። ለዚያ ዱላዬን ጥዬ አንድ ጊዜ አካፋ አነሣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወርቅነሽ ወሰደችብኝ።

ጎረቤቴ በርጋ አጥር ላይ ተደግፎ ያሾፍ ነበር። "አንተ ሰው፣ በሴት ልጅ ምክር ጓሮህን ታፈርሳለህ? መድኃኒቱ አለ እኮ፣ እኔ ራሴ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ።"

"ቪዲዮውን አየህ፣ የዳነውን እንሰት አየህ?" አልኩት።

"ሰማሁ።"

"ሂድና አይተህ ና፣ ከዚያ ምስክር ሁን።"

ትንሽ ቆይቶ የበርጋ ሚስት ቢላ ልትዋስ መጣች። እንደ ልማዳችን ነው፣ ቢላ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ሴቶች እየተዋዋሱ ነው እንሰት የሚፍቁት። እምቢ ማለት ነውር ነው። አልከለከልኳትም። ቢላውን እሳት ውስጥ ከትቼ እስኪግል ጠበቅሁ፣ ከዚያ ሰጠኋት። የናንተንም እንዲሁ አድርጉ አልኳት። በርጋ ከአጥሩ ላይ ሆኖ አየኝ። ማታ ላይ ከግቢው ጭስ ወጣ። የምን ጭስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ወልቂጤ

ጉልበት፦ የቀኙ እብጠት ትንሽ ጎድሏል።

ምትኩ ጠዋት ደውሎ ነበር። እስካሁን ሌላ ቅጠል አልወደቀም። ያ ባለሙያ ግን ገና ነው ብሏል፣ አፈሩ ውስጥ ያለውን ማንም አያውቅም፣ ወራት መጠበቅ አለባችሁ ብሏል። እንጠብቃለን። የቆሙት ብዙ ናቸው። ቢድኑ ቤታችን ይበላል፣ ባይድኑም የጎረቤቶቼ እንሰት በእኔ ቢላ አይታመምም።

ወርቅነሽ ተማሪዎቹ የጓሮውን ፎቶ እየጠየቋት ነው አለች። ናትናኤል "ፋዘር እንዴት ናቸው?" ብሏል። ፋዘር ደህና ነው በይው። ደመወዝሽም ያንስሻል።

ጌታነህ አሁን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ለሐኪሙ የሚሄድ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሰኞ እናውጣው ይላል። ያን የቪዲዮ ሰው ያመሰገንኩበትንና የሚስቱን ሥራ የናቅሁበትን። አይሆንም። ብትሰርዘው ከየት ተነሥቼ የት እንደደረስኩ ማን ያምነኛል? ስህተቱም ከነቦታው ይቀመጥ።

አሁን ብዕሩን አስቀምጥ። ከዚያችው ከሰኞዋ ጀምረህ አንብብልኝ፣ የጨመርከው ካለ አውቅብሃለሁ።