የሰሌዳው ቁጥር እንዳይጎድል ሲባል ስለቀጨጩት ጥዶች

ለተከበሩ የደን ልማት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ የሚቀመጡበትም ወንበር እስከ ጡረታዎ ድረስ የማይሰነጠቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት የሚሠራው አናጺ ባለቤት ነኝ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ባለቤቴ የሠራው አግዳሚ ወንበር ከነተቀማጮቹ ሲሰበር፣ ክቡርነትዎ መድረኩ ላይ ስለነበሩ አልወደቁም፤ እንኳን እግዜር አተረፈዎ። ወላጆች አቧራቸውን አራግፈው ሳይጨርሱ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ እንጨቱ የራሳችን ደን ምርት ስለሆነ እንከን የማይወጣለት መሆኑን፣ ጥፋቱ ያለው አናጺው እጅ ላይ መሆኑን በደግነት አስረዱን። በዚህ ንግግርዎ የተነሳ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ በመጪው ቅዳሜ ባለቤቴን በሕዝብ ፊት ከትምህርት ቤቱ ሥራ ሊያሰናብተው ቀጠሮ ይዟል። የብዙው ሰው አልጋና ቁም ሳጥን የእሱ እጅ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ገበያ ስወጣ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። ስለሆነም ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ፦ ችግኞቹ ሲተከሉ አንዱ የሌላውን እግር እስኪረግጥ ድረስ አጠጋግተው ማስተከልዎን እናደንቃለን። አጠጋግቶ መትከል በራሱ ነውር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ዛፉ ቀጥ ብሎ እንዲያድግና የታች ቅርንጫፉ ገና ቀጭን ሳለ እንዲረግፍ እንደሚረዳ፣ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደካማና ጠማማዎቹ ተቆርጠው ለቀሩት ቦታ ካልተለቀቀላቸው ሁሉም ለብርሃን ሲሻሙ ቁመት ብቻ ይዘው እንደሚቀሩ፣ የራስዎ መሥሪያ ቤት ወጣት የደን ባለሙያ በስብሰባ አስረድታን ነበር። በዚህ ምክሯ የተነሳ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረው አካፋ እንድትጠብቅ ስላደረጓት፣ በአካፋዎቹ ስም እናመሰግናለን።

2ኛ፦ ዛፎቹን ቆርጬ አላሳሳም ያሉበት ምክንያት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልባችንን ነክቶታል። በደኑ መግቢያ ያስቆሙት ትልቅ ሰሌዳ የዛፎቹን ብዛት በቀይ ቀለም ስለሚናገር፣ አንድ ዛፍ ቢቆረጥ ሰሌዳው ውሸታም ይሆናል ማለትዎን ሰምተናል። አንድ ቀለም ቀቢ ከመጥራት ደኑን በሙሉ ማቀጨጭ እንዴት ያለ ቁም ነገረኛነት ነው! ይኸው ዛፎቹ ከመጥረጊያ እጀታ ሳይሻሉ ቆመዋል፤ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ያቃስታሉ፤ ጥላ የበላቸውም ቆመው ደርቀዋል። ሰሌዳው የሞቱትንም ስለሚቆጥር ቃሉ አልታጠፈም። እኔ እንኳ ጓሮዬ ውስጥ የዘራሁት ካሮት ሲበቅል አሳሳዋለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ጓሮዬ ሰሌዳ የለውም።

3ኛ፦ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል በተመለከተ፣ ለእንግዶች ዓይንና ለፎቶግራፍ እንዲያምር በማለት ዛፎቹን እጅግ አራርቀው አስተክለዋል። ቦታ ያገኘ ዛፍ ቶሎ ይወፍራል፣ እነርሱም ወፈሩ። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ አወጡ፣ በጊዜው የሚከረክም ሰውም ስላልተመደበ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ጣውላው ውስጥ ጉጥ ሆኖ ቀረ፤ በጥድፊያ ያደገው እንጨትም ልል ሆነ። ለትምህርት ቤቱ ወንበር የላኩልን ይህንኑ ነው። መላጊያው ጉጡ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ጉጡም ሲደርቅ ተፈንቅሎ ይወድቃል። አንድ ቀን ባለቤቴ በአንዱ ቀዳዳ አሾልቆ አየኝና ሁለታችንም ሳቅን። በነጋታው ይህ እንጨት ሰው አይሸከምም ለማለት ቢሮዎ ድረስ ቢመጣ፣ በአገር ምርት የማይኮራ የልማት እንቅፋት ተብሎ፣ ሥራውን ካልጨረሰ ለሌላ እንደሚሰጥበት ተነግሮት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

4ኛ፦ ባለቤቴ ከወላጆቹ ስብሰባ ወዲህ መጋዙን አላነሳም። ጠዋት ሥራ ቤቱን ይከፍታል፣ ይቀመጣል፣ ማታ ይዘጋል። ይህንን በምን ዓይነት የአክብሮት ቃል እንደምጽፍልዎ ስላላወቅሁ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

በተረፈ የክቡርነትዎ ዘመን እንደ ጥዶችዎ ረጅም፣ እንደ ሰሌዳዎም በቁጥር የተሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ፊትዎን ለማየት በታላቅ ጉጉት የምጠብቅ፣

የሰሌዳዎ ታማኝ አንባቢ፣
የአናጺው ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለአዲሱ ቤትዎ ያዘዙት የሳሎን በር ከወላጆቹ ስብሰባ በፊት ተሠርቶ አልቋል። ከእኛ ደን አንዲት ስንጥር እንኳ እንዳትገባበት ባለቤቴን አደራ ብለው፣ ጣውላውን ራስዎ ከሩቅ በመኪና አስመጥተው ያሠሩት ያ በር ማለቴ ነው። አንድም ጉጥ የለበትም፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ አያሰማም፤ የሠራው እጅ ግን ያው እጅ ነው። ለመውሰድ እንዳይደክሙ ቅዳሜ አሸክሜ ወደ ስብሰባው አመጣዋለሁ፤ ከተሰበረው ወንበር ጎን ቆሞ ይጠብቅዎታል።