«የለም» ብዬ የመለስኩት ቅጽ

ሽሊረን፣ ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.። ውጭው ውርጭ ነው። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ሜሮን ብቻ ነን፤ እሷ ታጠናለች።

ለማከብርዎ እህቴ ለእትዬ ታየች፤ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎ? ደም ግፊቱስ? ልጅዎ ሕብስትና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን። ግን እፍረት ይዞኛል፤ ለሌላ ሰው የምነግረው ስላልሆነ ለእርስዎ ልናዘዝ።

እዚህ ቀበሌውን ገማይንደ ይሉታል። መብራት ቢጠፋ፣ ጎርፍ ቢመጣ ሕዝቡ የት እንደሚሰበሰብ፣ ማን ማንን ከፎቅ እንደሚያወርድ ቀድመው ያቅዳሉ። መስከረም ላይ በሕንፃችን ደረጃ መውረድ የማይችል አማርኛ ተናጋሪ ካለ ጠይቀሽ ስሙን ጻፊልን ብለው ቅጽ ሰጡኝ። ጀርመንኛን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቃቀምኩ ሰው፣ ኮርቼ ተቀበልኩ።

ስድስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ትርፍነሽ ያለ ምርኩዝ አይቆሙም። ብዕሩን ሳነሳ ግን ወንድማችን አየነው ትዝ አለኝ፤ አገር ቤት ስሙ ከቀበሌው መዝገብ ተነቦ ለውትድርና የተወሰደበት ቀን። የሰው ስም ለመንግሥት አሳልፌ አልሰጥም አልኩና «የለም» ብዬ መለስኩ። እሳቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት መብራት ጠፋ። ሊፍቱ ቆመ፣ ማሞቂያው ቀዘቀዘ። ከሥራ በቀጥታ፣ መሰብሰቢያ ወደተባለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ይዘው አቅመ ደካሞችን በወንበር ተሸክመው ያመጣሉ። አንዱ የእኛን ሕንፃ ጠርቶ «ከእናንተ ማንም የለም፣ አይደል?» አለኝ። አለ ብል ውሸቴ ሊወጣ ነው። በአንገቴ አዎ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አብዱልአዚዝ ሻይ ሲያድል «እማማ ትርፍነሽ የታሉ? ያለ እሳቸው ተረብ እኮ ለቅሶ ቤት መሰልን!» ሲል ነው «ስድስተኛ ፎቅ ቀርተዋል!» ብዬ ለሠራተኞቹ የተናገርኩት። ሲያመጧቸው ሦስት ጋቢ ደርበው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። «ፈረንጆቹ ረሱኝ፤ የአገሬ ልጅ ግን አልረሳችኝም» ብለው እጄን ሳሙት።

ማታውን መብራቱ ተመልሶ ሁላችንም ቤታችን ገባን። ትናንት ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ፣ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። «መጠየቅ ነበር እንጂ! አንቺ ደግሞ የማን ሊቀመንበር ነሽ?» አሉኝ። ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። ተደጋግፈን ገማይንደው ሄድን። ለጸሐፊዋ፣ የለም ብዬ የጻፍኩት እያወቅኩ ነው አልኳት። ሌላ ቅጽ ሰጠችን። ብዕሩን ለእማማ አቀበልኩ፤ ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው እስኪጨርሱ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።