ማመልከቻዬን ስላልመለሱልኝ የቀረበ ምስጋና

ሚያዝያ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሞገስ
የማመልከቻ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ሞገስ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞዎት ቢሮዎ አራት ቀን ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ከበደሳና ከሚኤሶ የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ በረንዳዎ ላይ ተኮልኩሎ ለጤንነትዎ ዱዓ ሲያደርግ መሰንበቱን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። አሁን ቁጣዎ እስከ ግቢው በር ስለሚሰማ በደንብ መዳንዎን ተረድተናል።

እኔ ታጁዲን ሙሜ እባላለሁ። በስም ላያውቁኝ ይችላሉ እንጂ፣ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ከባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሕዝብ ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ሦስት ዓመት አይተውኛል። ደመወዝ የለኝም፣ አለቃም የለኝም፣ በብዕሬ ነው የማድረው። ሰዉ በኦሮምኛ ያለቅሳል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ባለጉዳዩም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከግርጌ ያሳርፋል። ሰሞኑን ዓይናዲስ የተባለች መምህርት፣ ያለ ቀጣሪ በጽሕፈት ብቻ ኖሮ ስም ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችኝ። ባስበው ባስበው መልሱ እርስዎ ሆኑብኝ። ስለዚህ ውለታዎን በሕዝብ ፊት ልዘርዝር ብዬ ይህን ደብዳቤ በራስዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግንዎታለሁ። አንዱን ማመልከቻ ኅዳጉ ጠበበ፣ አንዱን ቀለሙ ፈዘዘ፣ አንዱን ደግሞ ከስምዎ በፊት «ጓድ» የሚለው ቃል ተረሳ እያሉ ሲመልሱልኝ፣ ደጋግሜ ከመገልበጤ የተነሣ እጅ ጽሑፌ አማረ። ድርቅ ከብቶቹን ለጨረሰበት ለአንድ የሚኤሶ ሰው አራት ጊዜ ጽፌለታለሁ፤ አራተኛውን ስጽፍ የተረፉትም ከብቶች አልቀው ስለነበር፣ ቁጥሩን ከማስተካከል በቀር ብዙ ሥራ አልነበረብኝም።

፪ኛ. ቁጥብነትን ስላስተማሩኝ። ረጅም ማመልከቻ እንደማያነቡ ካስታወቁን ወዲህ፣ አንዲት ሴት ግማሽ ቀን አልቅሳ የነገረችኝን «ከፍ ያለ ችግር ስለደረሰብኝ» በሚል አንድ መስመር መጨረስ ችያለሁ። በዚህም ቢሮዎ ከብዙ እንባ ተጠብቋል።

፫ኛ. ይህ ትልቁ ነው። አምና ጥቅምት ላይ፣ በመጨረሻው «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» የሚል መፈክር የሌለበትን ማመልከቻ መዝገብ ቤት እንዳይቀበል አዘዙ። ከዚያ ወዲህ የፍቺው አቤቱታም፣ የድንበር ክርክሩም፣ የጠፋችው ላም ጉዳይም ሁሉ በዚሁ ቃል ይዘጋ ጀመር። ሥራ እንዲፈጥንልኝ ብዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ወረቀቶች ግርጌ ላይ መፈክሩን አስቀድሜ ጽፌ እደረድር ነበር፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ከላይ ያለውን መሙላት ብቻ ነው። ጓድ ሞገስ፣ ከዚያ በኋላ ከእጄ የወጣ አንድም ማመልከቻ አልተመለሰም። የታጁዲን ወረቀት አይመለስም እየተባለ ስሜ እስከ ሂርና ተሰማ፤ ደንበኛዬም ከባሕር ዛፉ ጥላ አልፎ ፀሐይ ላይ ይሰለፍ ጀመር።

፬ኛ. ይህን ለመጻፍ እጄ ስለከበደኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወይዘሮ ኩብራ ስሜን ሰምተው ከሂርና የመጡት ባለፈው ኅዳር ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ጫት በማሰር የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው በድሪ ብቻ ነው። በድሪ በገበያ ቀን ጫት መኪና ላይ ሲጭን ለዘመቻ ተይዞ፣ ከቢሮዎ ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ተዘግቶበት ነበር። እርስዎ ደግሞ ያንኑ ሰሞን በስብሰባ ላይ፣ የመበለት አንድ ልጅ አይወሰድም፣ እናትየዋ ማመልከት ብቻ ነው ያለባት ብለው ነበር። እሳቸውም አመኑዎት። ረጅም ሰዓት ነገሩኝ፤ እኔም እንደ ትምህርትዎ በስምንት መስመር ጽፌ ጨረስኩ። ወረቀቱን የሳብኩት ጠዋት ካዘጋጀሁት ድርድር ላይ ነው። ግርጌው ተጽፎ አልቋል። ወይዘሮ ኩብራ አማርኛ ማንበብ አይችሉምና፣ አውራ ጣታቸውን ይዤ ከመፈክሩ ሥር አሳረፍኩት።

ያንን ማመልከቻም አልመለሱትም። በቀይ ቀለም እንዲህ ብለው መሩበት፦ «አመልካቿ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር እንዲሄድ በጣት አሻራዋ አረጋግጣ ስለጠየቀች፣ ልጇ በጥያቄዋ መሠረት ይላክ።» በማግስቱ በድሪ በጭነት መኪና ሚኤሶ ወርዶ ባቡር ተሳፈረ። ቀልድዎ በቢሮው ውስጥ በጣም ተወዶ፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር እንደዋለ ሰምቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ጸሐፊ መካከል ሥራው እንዲህ በየጠረጴዛው የተነበበለት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነ። ወይዘሮ ኩብራ በየሳምንቱ እየመጡ «ኢልማኮ ምንም አልላከም? ልጄ ምንም አልላከም?» ይሉኝ ነበር። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ያስጽፉኝ ነበር፤ እኔም እጽፍ ነበር። ምን እንዳስፈረምኳቸው ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ፈራሁ፣ አፈርኩም። የፈረዱት እርስዎ ነዎት፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ እጄ ላይ የቀረችውን የማመልከቻውን ቅጂ አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። ግርጌው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና «ጣቴን ያሳረፍከው እዚህ ላይ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ቢረግሙኝ ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። አውራ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሙያዬ እርስዎ ሊያደርሱት የሚችሉት ጫፍ ላይ ስለደረሰ ጠረጴዛዬን ዛሬ አጥፌያለሁ። ከመስኮትዎ ሲመለከቱ የሚያዩት ባዶ ቦታ የእኔ ነው። ይህን ደብዳቤ ማን እንደለጠፈው ለማጣራት ሰው እንዳያደክሙ ብዬ ስሜን በሙሉ ጽፌያለሁ፤ ቤቴም ከመስጊዱ በስተጀርባ ነው።

ኅዳጉን በልክዎ አስፍቼ፣ ቀለሙን አድምቄ፣ «ጓድ» የሚለውን ሳልረሳ፣ በእርስዎ እጅ ተኮትኩቼ ያደግሁት የቀድሞው ጸሐፊዎ

ታጁዲን ሙሜ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኩብራ፣ ሂርና (በቃል የሚነበብላቸው)

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ መፈክር የለም፤ ረስቼው አይደለም። ጎድሏል ብለው የሚመልሱት ከሆነ በድሪንም አብረው ይመልሱት።