ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ደንበኛ

ለውድ እናቴ፣

እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ሁልጊዜ ይህን ጽፌ ወደ ሌላ ወሬ እዘላለሁ፤ ዛሬ ግን መልሱን ፈልጌ ነው የምጠይቅሽ። የዴቨንፖርት ብርድ እንዴት አደረገሽ? እንጨቱን ማን ይፈልጥልሻል? ወንድሜ ከሚሠራበት ሩቅ ማዕድን ማውጫ ደውሎልኝ ነበር፤ "እማ ደህና ናት፣ ስታሾፍብኝ ነበር" አለኝ። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ብዬ ተውኩት፤ ደህና አይደለሁም። በስልክ ብነግርሽ ስቀሽ ስለምታልፊው ነው ወረቀት የያዝኩት።

ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ የገንዘብ አማካሪ ሆነች" እያልሽ ታወሪያለሽ አሉ። ገና ነኝ እማ። ዲግሪው ተይዟል፤ መጀመሪያ ላይ ያስለቀሰኝን አገር አቀፍ ፈተናም በሁለተኛው አልፌዋለሁ። የቀረኝ የልምምድ ዓመቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ነባር አማካሪ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል፣ ያርመኛል፤ በመጨረሻ "ይህች ልጅ የሰው ኑሮ ቢሰጣት አታበላሽም" ብሎ ካልፈረመልኝ ልፋቴ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የእኔ ፈራሚ ኮሊን ነው።

ኮሊን የራሱ የማስተማሪያ ዘዴ አለው። ሐሙስ ሐሙስ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የደንበኛ ወንበር ላይ ይቀመጥና ሌላ ሰው ይሆናል፤ እኔ እጠይቀዋለሁ፣ እመክረዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ላሞቹን ሸጦ ጀልባ ልግዛ የሚል ገበሬ ሆኖ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባልም ሚስትም እሱው ሆኖ ለብቻው ተጣላ። እንግዳ ተቀባያችን ብሮንዊን ኮቷን እየለበሰች "ሚስትየዋ ጺሟን ትላጭ እንጂ" ብላ ታሾፍበት ነበር። ትወናው አይረባም፤ እኔም በሳቅ እፈርስ ነበር።

ከዚያ ፔርል መጣች።

ፔርል ባሏ የሞተባት፣ ስድሳን ያለፈች ሴት ናት ብሎ አስተዋወቀኝ። ሲቀመጥ ግን አልተወነም። ድምፁንም አላቀጠነም። ጀርባውን ሳያስደግፍ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ የአንገት ልብሱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገና በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። ያን ትልቅ ቀይ እጁን እያየሁ አኳኋኑን የማውቀው መሰለኝ፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። "አይ፣ እኔን ተይኝ፣ ስለ ልጆቹ እናውራ" አለኝ። ቢሮው ሞቃት ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ። ብሮንዊንም ያን ቀን ሳታሾፍ ኮቷን ለብሳ ወጣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ቤት ወጪዋ ጠየቅኳት። ኮሊንን "እሷ" ማለት መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። መብራቱ ለምን በዛ ብላት፣ ባሏ ይሠራበት በነበረው ጋራዥ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ እንደምትከፍት ነገረችኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ አቋርጣ አታውቅም። "ሬዲዮው ዝም ካለ፣ እሱ እንደሌለ ጋራዡ ያውቃል" አለች።

እማ፣ የአባዬን ጋራዥ ሬዲዮ ለማንም አውርቼ አላውቅም። እኛም ቤት የማይነሳ ነገር ነው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ማን እንደነገረው ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ የኮሊን ነው፣ አስተያየቱ ግን የእሱ አልነበረም። "ማን ይነግረኛል የኔ ልጅ? ቤቴ እኮ ነው" አለኝ። ወደ ቤት ስነዳ ከኋላ ወንበር ሰው ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ ዞርኩ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። እቅድ ሲወጣ ለስንት ዓመት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰናል፤ እኛ የተማርነው ገንዘቡ ከባለቤቱ ቀድሞ እንዳያልቅ ዘመኑን ረዘም አድርገን እንድንይዝ ነው። እስከ ዘጠና አምስት ዓመትሽ ልያዝልሽ አልኳት። የአንገት ልብሱን የምትዳብስበት መዳፏ ቆመ። "አይ፣ እስከ ገና ይበቃኛል" አለችኝ፣ ሻይ ሲጨመርለት በቃኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለልጆቿ እንዳደርገው ለመነችኝ።

እኔም አማካሪ ነኝና ልጆችሽ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትልቁ ሩቅ አገር ነው አለች። ትንሿ ደግሞ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ስለቀራት ልቧ እንዲከፈል አትፈልግም። "ፊርማዋን ታግኝ እንጂ፣ እስከዚያ እኔ እቆያለሁ" አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ፔርል ልጅቷ እንድታውቅ ትፈልጋለች ወይ አልኩ። ኮሊን የአንገት ልብሱን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሰው ሲሄድ አየሁ። ከዚያ በራሱ ድምፅ፣ የደንበኛን ጉዳይ ለማንም መናገር እንደማይፈቀድለት፣ ይህንንም እኔ ተምሬ እንደተፈተንኩበት ነገረኝ። "እሱን ራስሽ ጠይቂያት" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ሆባርት ለስልጠና እንደምሄድና ቢሮ እንደማልገኝ ታውቂያለሽ፤ የነገርኩሽ እኔው ነኝ፤ ኮሊን ዘንድ የመጣሽው በእነዚያ ቀናት መሆን አለበት። አልተቆጣሁም። አንቺ ልከሽው ይሁን፣ እሱ ሕጉን ሳይጥስ የሚነግረኝ መንገድ ፈልጎ ይሁን አላውቅም። ብቻ እዚያ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ለእኔ ስትጨነቂ ሳስበው አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ምንም አታዘጋጂ፣ ቤትም አታጽጂ። የልምምድ ዓመቱ በሚቀጥለው ወር ያልቃል፤ ኮሊን ወረቀቱን ጨርሶ ፊርማው ብቻ ነው የቀረው። ትናንት ገባሁና እንዳትፈርም አልኩት። ስንት የለፋሽበትን ብሎ ተቆጣኝ። የእኔን መጨረስ ብቻ ጠብቃ ልትሄድ የተሰናዳች ሰው አለች፣ ስለዚህ አልጨርስም አልኩት።

እስክደርስ ሌሊቱ ይቅለልሽ፣ ሕመሙም ይራራልሽ።

ገና ያልጨረሰችው ልጅሽ